ዳማን መጨረሻ የነካው

ከሥራ ስለቅ የመለስኩት ዕቃ ብዙ አልነበረም። አንድ ጥንድ ቦቲ፣ ሁለት ጋዋን፣ የልብ ማዳመጫ፣ የሰኮና ቢላዋ፣ በመጨረሻም የሙቀት ካሜራው። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ተሾመ እያንዳንዱን እያገላበጡ አዩና ቅጹ ላይ ምልክት አደረጉ። ካሜራው ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸው ቆመ።

«ይሄ ይሠራል?»

ካሜራውን ወደ እኔ ሳብ አደረግኩት።

«ሰናይት፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ከባድ ነገር እኮ አልጠየቅኩሽም።»

«ትንሽ ላስብበት፣ ጋሽ ተሾመ።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብረት ሲረከቡ እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ቢሆንም ሰኞ ሞልቼ እንድመልሰው ቅጹን ሰጡኝ። ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት እሱን እያየሁ ነው።

ከሚመጣው ወር ጀምሮ የምሠራው በአንድ ወተት ማቀነባበሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ወተት አያነክስም። ለእናቴ እንዲህ ስላት ሳቀች፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። በጋማ ከብት ሕክምና ያሳለፍኳቸው ዓመታት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ትዝታ ብሎ ለመጻፍ ያሳፍራሉ። ነገር ግን ለምን እንደለቀቅኩ ሰው ሲጠይቀኝ ለእያንዳንዱ የተለያየ ነገር ስለምመልስ፣ አንድ ጊዜ በቅደም ተከተል ልጻፈውና ራሴም ልየው ብዬ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ቡራዩ ነው። አባቴ ከሰሜን በሥራ ተዛውሮ የመጣ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ላይ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግኩ። ኦሮምኛዬ ለጨዋታና ለገበያ ይበቃል፤ አንድን ሽማግሌ «ተሳስተዋል» ለማለት ግን ያንሰኛል። እውነቱን ለመናገር አማርኛዬም ለዚያ ያንሰኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር ያስጨንቀኛል። የእንስሳት ሕክምናን የመረጥኩበት አንዱ ምክንያት ታካሚዎቹ ስለማይናገሩ ነው። ባለቤት እንዳላቸው አላሰብኩም ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ ሱሉልታ ነበር። የጋሪና የጭነት እንስሳትን በነጻ የሚያክም አንድ ፕሮጀክት ነው የቀጠረኝ። በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ከሱሉልታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሰበታ እየዞርን እንሠራለን። ደመወዙ ትንሽ፣ ሪፖርቱ ብዙ ነበር። ቡድናችን ሦስት ሰው ነው፤ አለቃዬ ዶክተር ጌታሁን፣ ሾፌራችን ከድርና እኔ።

ዶክተር ጌታሁን ጡረታቸው የተቃረበ፣ ፈረስ ሥር ብዙ ከመጎንበስ የተነሣ ሲቆሙም ጎንበስ የሚሉ ሰው ነበሩ። ፈረስ ሳያዩ ሻይ አይጠጡም። መጀመሪያ የጾም ጉዳይ መስሎኝ ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ ግን ትኩስ ብርጭቆ የያዘ እጅ ለሩብ ሰዓት ያህል ይዋሻል። ሰኮናና ቁርጭምጭሚት የሚዳስሱት በእጃቸው ጀርባ ነው፤ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን፣ ከዚያ መልሰው ግራውን። ከዚያ በፊት ደግሞ ፈረሱ በጠንካራ መሬት ላይ ሲሄድ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል።

«ሦስቱ እግሮች ይናገራሉ፣ አንዱ ያንሾካሽካል፤» ይሉኛል። «የሚያንሾካሽከውን ፈልጊ።»

ቀጥለው ዞረው ራሱን ያያሉ። የፊት እግሩን የታመመ ፈረስ የሚያመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ባለ ጋሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነቡት በተቃራኒው ነው። ራሱን የጣለበትን እግር ታማሚ ይሉታል። ሰው ሲያመው ወደዚያው ጎኑ ስለሚያዘነብል ይሆናል፤ አይፈረድባቸውም።

ባለቤቱን ከምንም አስቀድመው የሚጠይቁት ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር።

«መጨረሻ የነካው ማን ነው?»

መቼ ማነከስ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚጭን የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። ማን አጠበው፣ ማን አሸው፣ የብረት ጫማውን ማን መታለት፣ ማን በጋለ ብረት ተኮሰው። እኔ የዕድሜ ልማድ ነው ብዬ አልፈው ነበር።

ካሜራው የመጣው ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራ ጥናት በኩል ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ በዚሁ ላይ ስለነበር ለእኔ ተሰጠኝ። አንድ እጅ የሚሞላ ነገር ነው። ቀዝቃዛውን ሰማያዊ፣ ሞቃቱን ብርቱካናማ፣ በጣም የጋለውን ነጭ አድርጎ ያሳያል። የሚያነክስ ፈረስ ሁለት እግሮቹን ጎን ለጎን ሲያዩት፣ የተቆጣው ቦታ ደም ስለሚበዛበት ከጓደኛው ይሞቃል። ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ በላይ ከሆነ ልብ ይባላል። ግን ፈረሱ ፀሐይ የመታው መሆን የለበትም፤ ነፋስ፣ ጭቃ፣ እርጥበት፣ ፋሻ፣ ሁሉም ምስሉን ያበላሻሉ። ጥላ ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ማንም ሳይነካው መቆም አለበት። ይህን ሁሉ በጽሑፌ ውስጥ በጥሩ ቋንቋ ጽፌዋለሁ።

በደረሰን ቀን ከድር ራሱን እንዳሳየው ለመነኝ። ግንባሩ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«አያችሁ?» አለ። «ጭንቅላቴ ሥራ ላይ ነው።»

ዶክተር ጌታሁን መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ሰው በሌለበት ቤት ሳይጠፋ የቀረ እሳት ነው የሚመስለው፣» አሉ።

ካሜራውን ማመን የጀመርኩት ሱሉልታ ላይ በአንዲት ግራጫ ባዝራ ነው። ቅዳሜና እሑድ ለመንሸራሸር ለሚመጡ የከተማ ሰዎች የምትከራይ ነበረች። ትከሻዋ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ታክማ አልተሻላትም፤ ባለቤቷ ሊሸጣት ነው። ጥላ ውስጥ አቆምናት፤ ሃያውን ደቂቃ ጠበቅን። ካሜራው ትከሻዋን ሰማያዊ፣ የቀኝ ሰኮናዋን የውጭ ጠርዝ ደግሞ ክር የመሰለ ነጭ አድርጎ አሳየኝ። ዶክተር ጌታሁን ጫማዋን ሲያወልቁ፣ ከሚስማሮቹ አንዱ ጠምዘዝ ብሎ ሥጋ ተጠግቶ ነበር። ባለቤቱ ማሽኑን ሊስመው ምንም አልቀረውም።

ያን ቀን ደስ ያለኝ ስለ ባዝራዋ ብቻ አልነበረም። ምስሉን አዙሬ ለባለቤቱ አሳየሁት፤ እሱም አየና ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ቃል አልተናገርኩም። እኔ የሚከብደኝን ካሜራው ይሠራልኛል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ቡራዩ ላይ ይህ ይበልጥ ጠቀመኝ። እዚያ ሁሉም ያውቀኛል። አንድ ባለ ጋሪ ስለ ፈረሱ የተላጠ ጀርባ ልነግረው ስጀምር «አንቺ የዚያ የቢሮ ሠራተኛው ልጅ አይደለሽም? ስትንቀሳቀሺ እንኳ ድምፅ የሌለሽ?» ይለኛል፤ የጀመርኩት ይጠፋኛል። ካሜራውን አወጣለሁ።

የማስተር ፕላኑ ነገር የተነሣው ሰበታን በመደበኛነት መዞር በጀመርንበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች በአንድ ዕቅድ ያያይዛል ይባላል። ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው አለ፤ ተማሪዎች ወጡ፤ መንገድ ተዘጋ፤ ሰው ታሠረ፤ ሰው ሞተ። ከቡራዩ እስከ ሰበታ ባለው ሚኒባስ ውስጥ ሦስት ዓይነት ወሬ እሰማለሁ፤ የሚናገሩት ሁሉ በነገሩ ከልባቸው ያመኑ ናቸው። ቤት ስገባ አባቴ «ምን ሰማሽ?» ይለኛል፤ ከየቱ ልጀምር? ጎረቤቶቻችን በነጋታው ሰላም ሲሉን ድምፃቸውን አዳምጣለሁ፤ እነሱም የእኛን ሳያዳምጡ አልቀሩም።

በእነዚያ ሳምንታት የዶክተር ጌታሁን ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘ። ሰበታ ውስጥ አንድ ግቢ ገብተን «መጨረሻ የነካው ማን ነው?» ሲሉ ባለ ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመና «ለምንድን ነው? የማንን ስም ልትጽፉ ነው?» አላቸው። ልጁ በዚያው ሳምንት ተይዞ ተመሳሳይ ነገር ሲጠየቅ ነበር የከረመው። ዶክተር ጌታሁን በትዕግሥት ስለ እጅ ሙቀት አስረዱት፤ ሰውየው በመጨረሻ ሳቀ። እኔ ግን አፈርኩ። ያን ጥያቄ ከአፌ አላወጣውም ብዬ ለራሴ ተናገርኩ።

ኦቦ ቱፋ ከሰበታ ወጣ ብሎ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖሩ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ቀስ የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። የእርሻ መሬታቸው ከዓመታት በፊት ለፋብሪካ ተወስዶ የቀራቸው ግቢያቸው ብቻ ነበር። በካሳው ፈረሳቸውን ዳማን ገዙ፤ ጋሪ አሠሩለት። ዳማ እንደ ስሙ ዳማ፣ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ጋማው ጥቁር፣ ዓይኑ ትልቅ፣ መኪና ጥሩምባ ሲነፋበት የማይደነግጥ። ድርቆሽ፣ እህል፣ የቤት ዕቃ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ያገኙትን ሁሉ ይጭናሉ። ፈረሱ ከቆመ የዚያ ቤት ማዕድ ይቆማል። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቅ ነበር።

ዳማ ማነከስ እንደጀመረ መልእክት ሲደርሰን ዶክተር ጌታሁን ሱሉልታ ነበሩ፤ መንገዱ ስለተዘጋ መመለስ አልቻሉም። በስልክ አገኘኋቸው።

«ከከድር ጋር ሂጂ። ብቻሽን ትችያለሽ፣» አሉኝ። «የሰኮናው መቆንጠጫ እኔ ጋ ነው፤ በእጅሽ እያንዳንዱን እየተጫንሽ እዪ። መጠየቁን እንዳትረሺ።»

ግቢው ስንደርስ ኦቦ ቱፋ በር ላይ ጠበቁን።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ቱፋ።»

«ነጋ፣ ነጋ፣ ኢንተላ ኮ። እንኳን መጣሽ ልጄ። መንገዱ ክፍት ነው?»

«እስካሁን ክፍት ነው።»

«ክፍት የሚባለው ስንመለስ ነው፣» አለ ከድር።

ዳማ ጥላ ውስጥ ታስሮ ነበር። ከወትሮው ይልቅ ንጹሕ ነው፤ እግሮቹ ላይ ጭቃ የሚባል የለም፤ ጅራቱ ተበጥሯል። ደስ አለኝ። ለሙቀት ምስል ንጹሕ እግር እንደ ጸዳ ጠረጴዛ ነው። ጥላ ውስጥ ስላገኘሁትም ሃያው ደቂቃ ያለፈ አድርጌ ቆጠርኩት።

ኦቦ ቱፋ እየሳቡ አስኬዱት። ጀርባዬን ሰጥቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሦስቱ ተናገሩ፤ አንዱ አንሾካሾከ። ዞሬ ራሱን አየሁ። የቀኝ ፊት እግሩ ባረፈ ቁጥር ራሱ ወደ ላይ ብድግ ይላል። ደብተሬን አወጣሁና በእርሳስ «ቀኝ ፊት» ብዬ ጻፍኩ። እስክሪብቶ ዝናብ ስለሚያጠፋው ዶክተር ጌታሁን እርሳስ ነበር የሚያስይዙኝ።

«ግራው ነው፣» አሉ ኦቦ ቱፋ ቆም ብለው። «ራሱን የሚጥለው በግራው ነው። ሦስት ቀን ከአጠገቡ አልተለየሁም።»

መልሱን አውቀው ነበር። በአማርኛም በኦሮምኛም አፌ ላይ አዘጋጀሁት። እሳቸው ግን ልጓሙን ይዘው በሙሉ ዓይናቸው ያዩኛል፤ አባቴን የሚያህሉ ሰው። ያን አልፌ ጥያቄውን ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ያኔ አስፋልቱ ላይ የፖሊስ መኪኖች ተከታትለው አለፉ። ድምፃቸው እስኪርቅ አራታችንም፣ ዳማ ጭምር፣ ዝም ብለን ቆምን። ከዚያ በኋላ «ማን ነካው?» ማለት አቃተኝ። ካሜራውን ከቦርሳው አወጣሁ።

የግራ ቁርጭምጭሚቱ ከዳር እስከ ዳር ብርቱካናማ፣ መሀሉ ነጭ ነበር። የቀኙ እግር ከጉልበቱ ጀምሮ እስከ ሰኮናው ሰማያዊ። ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ እጅግ ይበልጣል። እንደዚህ ያለ ግልጽ ምስል ለጽሑፌ እንኳ አግኝቼ አላውቅም።

ኦቦ ቱፋ በትከሻዬ በኩል አዩ። «አላልኩሽም?» አሉ በቀስታ።

«እኔ ግን ሲሄድ ያየሁት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዶክተር፣» አለ ከድር፣ «ማሽን እኮ ይሉኝታ አያውቅም። ያየውን ነው የሚናገረው።»

ላጲሱን አንሥቼ «ቀኝ» የሚለውን አጠፋሁ። በቦታው «ግራ» ብዬ ጻፍኩ።

የግራውን እግር ተጫንኩት፤ ሸሸት ያለ መሰለኝ። የቀኙን አላነሣሁትም። ቀኙን ለማንሣት ዳማ ሙሉ ክብደቱን በግራው ላይ መጣል ነበረበት፤ ታማሚ ነው ባልነው እግር ላይ። ይህን ያደረግኩት ለጥንቃቄ ነው። የሕመምና የእብጠት ማስታገሻ ወጋሁት፤ ግራውን በፋሻ ጠቀለልኩ፤ ሐሙስ ተመልሼ እስካየው ሥራ እንዳይነካ አልኩ።

«ገላቶሚ፣ ልጄ፣» ብለው መረቁኝ ኦቦ ቱፋ። ስንወጣ ከድር ፊቴን አይቶ «ምነው? አልዳነም እንዴ?» አለኝ። ደብተሬን ኪሴ ከትቼ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ሐሙስ መንገዱ ተዘጋ። ከከድር ጋር ሁለት ጊዜ ሞከርን። አንድ ጊዜ ድንጋይ የደረደሩ ወጣቶች በትሕትና «እኅታችን፣ ዛሬ ተመለሱ» አሉን። ሌላ ጊዜ ወታደሮች ትሕትናውን ትተው ያንኑ ነገር አሉን። ስልክ አይሠራም። እስክንገባ ከሳምንት በላይ አለፈ።

በመጨረሻ ስንሄድ ዶክተር ጌታሁን አብረውን ነበሩ። መንገዱ ላይ የጎማ ቃጠሎ ጥቁር ክብ በክብ ሠርቷል። ዳማ ግቢው ጥግ ቆሟል። የግራ እግሩ ላይ ያሰርኩት ፋሻ እንዳለ ነው፤ እንዳሰርኩት ንጹሕ። የቀኝ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ጫፉን ብቻ መሬት አስነክቷል። ከሰኮናው በላይ፣ ጠጉሩ በሚጀምርበት ቦታ ቆዳው ፈንድቶ መግል ይወርዳል።

ዶክተር ጌታሁን ጠጋ ከማለታቸው በፊት ወደ ኦቦ ቱፋ ዞሩ።

«እኛ ከመምጣታችን በፊት፣ ያን የመጀመሪያ ቀን፣ መጨረሻ የነካው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ፣» አሉ ኦቦ ቱፋ፤ ምንም ቅር አላላቸውም። «ግራውን በሞቀ የጨው ውኃ ስዘፈዝፈው፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሳሞቀው ነበር። መኪናችሁን ስሰማ ጨርቁን ፈታሁት። ሐኪም እየመጣ እኔ ያሰርኩትን ማሳየት ነውር ነው። ሌላውን እግሩን ሁሉ ደግሞ በቀዝቃዛ ውኃ አጠብኩት። ቆሻሻ ፈረስ ሐኪም ፊት አይቀርብም።»

ዶክተር ጌታሁን ወደ እኔ አላዩም። አለማየታቸውን አስተውያለሁ።

ካሜራው አልተበላሸም ነበር። የኦቦ ቱፋን ጨርቅ ሙቀት በትክክል አሳይቶኛል። በእርጥበቱ የቀዘቀዘውን የቀኝ እግርም እንዲሁ። እኔ የዳማን ሕመም ያየሁ ሲመስለኝ፣ ያየሁት ባለቤቱ ሕመሙ የት ነው ብለው እንደገመቱ ነበር። ያን ግምት በቀለም አይቼ እንደ ሁለተኛ ምስክር ቆጠርኩት።

ዶክተር ጌታሁን የሰኮናውን ሥር ፍቀው ከፈቱት። ድንጋይ የወጋው አሮጌ ቀዳዳ ነበር፤ መግሉ መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት መንገድ በተከፈተ ቁጥር ተመላለስን። የኦቦ ቱፋ ባለቤት አዴ ጫልቱ ጠዋትና ማታ ሰኮናውን ይዘፈዝፋሉ፤ በዚህ ጊዜ ትክክለኛውን። ጋሪው ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ዶሮ ሠፈረበት።

መግሉ ግን መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ነበር። አንድ ጠዋት ዶክተር ጌታሁን ከተጎነበሱበት ተነሡና እጃቸውን ለረጅም ጊዜ ታጠቡ። ኦቦ ቱፋ ገባቸው። የጠየቁት ግን እሳቸውን አልነበረም።

«ልጄ፣ ማሽኑ ምን ይላል?»

አወጣሁት። ከመገጣጠሚያው በላይ ነጭ ነበር፤ ሰኮናው ግን ሰማያዊ ሆኗል፤ በዚህ ጊዜ ውኃ አልነካውም። ደም መድረስ ሲያቆም እንዲህ ይሆናል። ኦቦ ቱፋ ሰማያዊውን አይተው ፊታቸው ፈካ።

«በርዷል፣» አሉ።

«ኦቦ ቱፋ፣» አልኩ፤ ቀጥሎ ምን ብዬ እንደጨረስኩት አላስታውስም። እንደገባቸው ብቻ አስታውሳለሁ፤ ልጓሙን ፈትተው በእጃቸው ያዙት።

ዶክተር ጌታሁን ዳማን የሚያሳርፈውን የመጨረሻ መርፌ ሲያዘጋጁ ኦቦ ቱፋ ጠጋ አሉኝ። «ጨዉ ነው? እኔ ነኝ?»

«አይደለም፣» አልኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሁሉንም ለዶክተር ጌታሁን ነገርኳቸው። መጀመሪያ የጻፍኩትን፣ ያጠፋሁትን። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ብዙ ከሄድን በኋላ ከድርን «እዚህ ጋ አቁም፣ ሻይ እንጠጣ፣» አሉት። ገና ጠዋት ነበር፤ ቡራዩ ላይ የሚጠብቁን ፈረሶች ነበሩ። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። በዚያ ቀን ሌላ ፈረስ አላየንም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ሠራሁ። ዶክተር ጌታሁን ጡረታ ወጡ። ካሜራው ብዙ ጊዜ ትክክል ነበር። አንዳንዴ እኔ ትክክል ሆኜ እሱ ይስታል፤ አንዳንዴ ሁለታችንም። ጥያቄውን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። እርሳስ ባነሣሁ ቁጥር እጄ ይዘገያል፤ አንድ ፈረስ ግማሽ ቀን ይወስድብኝ ጀመር። ዳማን ያጠፋው ላጲሴ ነው ወይስ የተዘጋው መንገድ? ሐሙስ ብመለስ ኖሮ በአንድ ቢላዋና በሳምንት ዕረፍት ይድን ነበር። መንገዱን ስለዘጉት ወጣቶች ኦቦ ቱፋ ራሳቸው «እውነት አላቸው» ብለውኛል፤ የመሬታቸው ጉዳይ ነውና። የትኛውን ጫፍ እንደምይዝ አላውቅም ነበር። ወደ ወተት የሄድኩት ለዚህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ በነበረበት ቅዳሜ ሰበታ ሄድኩ። ኦቦ ቱፋ በፊት መሬታቸው በነበረው ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆነዋል። አወቁኝ። ወንበራቸውን ለቀው «ተቀመጪ» አሉኝ፤ እምቢ አልኩ፤ ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ደብተሩን አወጣሁና ገጹን ከፈትኩ። በመንገድ ላይ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ያን ቀን መጀመሪያ ቀኝ ብዬ ጽፌ ነበር፣» አልኩ። «ከዚያ አጠፋሁት። ያን ጊዜ ሲጠይቁኝ አልነገርኩዎትም።»

ወደ ደብተሩ አላዩም።

«ላጲሱን ስታነሺ አይቼሻለሁ፣» አሉ። «አጠገብሽ አልነበርኩም? የተማረች ልጅ የእኔን ቃል አክብራ የጻፈችውን አጠፋች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ለጫልቱ ነግሬአታለሁ።»

የፋብሪካው መኪና መጣ፤ በሩን ከፍተው፣ ሰሌዳውን አይተው፣ መልሰው ዘጉት። ሲመለሱ ገጹን በጣታቸው ነኩት፤ ላጲሱ ያሻከረውን ቦታ።

«ዝም ብል ኖሮ፣» አሉ፤ «እላለሁ አንዳንዴ።»

«እኔ ብናገር ኖሮ፣» አልኩ።

«እህ።» ራቅ ብለው ወደ አጥሩ አዩ። ከአጥሩ ውስጥ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ ትንሽ ሣር የበቀለበት ቦታ ነበር። «አጥሩ ሳይታጠር በፊት ዳማ የዚህን ቦታ ሣር በጣም ይወድ ነበር። አሁን እንኳ ባየው አጥሩን ይዘላል ብዬ አስባለሁ። በስንት እግሩ?» ብለው ፈገግ አሉ። እንድስቅ ይሁን አይሁን ስላልገባኝ እኔም ወደ ሣሩ አየሁ።

ሰኞ ጠዋት ቅጹን ለጋሽ ተሾመ ሰጠኋቸው። «ይሠራል» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌአለሁ። ከሥሩ ባለው የአስተያየት መስመር ላይ የጻፍኩትን መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አነበቡት፦ «ከመጠቀም በፊት መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ይጠየቅ።»

«ይሄ ስለ ካሜራው ነው ስለ ፈረሱ?» አሉኝ።

«እንጃ፣ ጋሽ ተሾመ።»

ተነፈሱ። ቅጹን አዙረው ሌላኛውን ገጽ አዩ።

«እሺ፤ መጨረሻ የነካው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እዚህ ጋ ፈርሚ፣» አሉና እስክሪብቶ ሰጡኝ።